ሳተላይት እያለ ሰው መጠየቅ ለምን አስፈለገ?

ባለፈው ዕትም በዚህ ዓምድ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። «የደን ጥናት ቡድን ውስጥ ማህበራዊ ሳይንስ የተማረ ሰው ከሌለ ጥናቱ ግማሽ ነው» የምትል። ደብዳቤው ጎረፈ። ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ቁጣ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማልችል የተደጋገሙትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የደን ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ የካርቦን ክምችት ልኬት ነው፤ ዛፎቹ በውስጣቸው የያዙትን ካርቦን መለካት ማለት ነው። የሳተላይት ምስሉ አለኝ፣ የዛፎቹንም ውፍረት ለክቼ ጨርሻለሁ። አሁን አማካሪዬ «የማህበራዊ ሳይንስ ክፍል ጨምርበት» ይሉኛል። ለገጽ ማሟያ ካልሆነ ምን ይጠቅመኛል? (ካርቦን ቆጣሪው)

መልስ፦ አማካሪህ ልክ ናቸው። «ጨምርበት» የምትለዋ ቃል ግን ትከነክነኛለች። እመለስባታለሁ።

ሳተላይት ደኑ መጥፋቱን ያሳይሃል። ማን እንዳጠፋውና ለምን እንዳጠፋው ግን አይነግርህም። ከላይ ሲታይ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ቦታ፣ መሬት ላይ ወርደህ ስትጠይቅ አራት ዓይነት ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ቤተሰቡ በዝቶበት እርሻ ያሰፋ ገበሬ፣ ለከብቱ ግጦሽ የፈለገ ባለሀብት፣ አዲስ መንገድ ተከትሎ የመጣ ሰፋሪ፣ ወይም ደግሞ «መሬቱ የኔ ነው» ብሎ ለመሟገት ሲል ብቻ የመነጠረ ሰው። በብዙ ቦታ ያልተመነጠረ መሬት ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራላ! ለመጀመሪያው ሰው መፍትሔ የሆነው ነገር ለአራተኛው እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

የብራዚልን አማዞን ተመልከት። በ2004 በአንድ ዓመት ብቻ 27,772 ካሬ ኪሎ ሜትር ደን ተመነጠረ። በ2012 ወደ 4,571 ወረደ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ሳተላይቱ ነው» ይላል፤ እውነትም በ2004 ምንጣሮን ቶሎ ቶሎ የሚያሳውቅ የሳተላይት ክትትል ሥራ ጀምሮ ነበር። ግን በ2006 ትልልቆቹ የአኩሪ አተር ነጋዴዎች አዲስ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ምርት አንገዛም ብለው ተስማሙ፣ በ2008 ደግሞ በአማዞን የእርሻ ብድር ለማግኘት የመሬትና የአካባቢ ሕግ ማስረጃ ማቅረብ ግድ ሆነ፣ ብዙ ቦታም ጥብቅ ደን ተብሎ ተከለለ። ምስሉን ተቀብሎ የሚቀጣ፣ የሚከለክል፣ የማይገዛ ሰው ስለነበረ ነው ምስሉ ዋጋ ያገኘው። በ2021 ምንጣሮው ተመልሶ ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ሳተላይቱ ዓይኑ ደከመ እንዴ? አልደከመም። የተለወጠው ፖለቲካው ነው።

አንተ የለካኸው ቶን የዛሬ ፎቶ ነው። ካርቦኑ የዛሬ ሃያ ዓመት እዚያው ዛፍ ውስጥ ይኑር አይኑር የሚወሰነው መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ከሱ እንደሚኖር፣ ሲጣሉ ማን እንደሚዳኝ ነው። ነገሩ ትንሽ አይደለም። በ2019 ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 22 በመቶው የመጣው ከእርሻ፣ ከደንና ከሌላ የመሬት አጠቃቀም ነው። ይህ ሁሉ የሰው ውሳኔ ድምር ነው።

አሁን ወደ «ጨምርበት»። የኔ ብሶት ይህ ነው። ዛፉ ይለካል፣ ካርታው ይሠራል፣ ውሳኔው ያልቃል፤ ከዚያ ማህበራዊ ተመራማሪው «ማህበረሰቡን አሳምንልን» ተብሎ ይጠራል። ይሄ ጥናት አይደለም፣ ሽምግልና ነው። ያውም ከፍርድ በኋላ። እሱ መግባት ያለበት የጥናቱ ጥያቄ ሲቀረጽ ነበር። «ደኑ ምን ያህል ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ «ደን ማለት ለማን ምን ማለት ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ በሆዱ ይዟል። ለደን መሥሪያ ቤቱ ደን የሆነው ቦታ ለመንደሩ ሰው ያረፈ እርሻ ሊሆን ይችላል። ወይም መቃብር።

አንተ ግን ለክተህ ጨርሰሃል። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከናሙና ቦታዎችህ ካርቦናቸው ከጠበቅከው በጣም የበዛውንና በጣም ያነሰውን ለይ። አፈሩ፣ ከፍታው፣ ዝናቡ ያልገለጸልህን ማለቴ ነው። እዚያ ሄደህ ሰው ጠይቅ። ያኔ የምትጽፈው ምዕራፍ ገጽ ማሟያ አይሆንም፤ ምናልባትም ከሁሉ በፊት የሚነበበው እሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሳይንስ ማለት ልኬት ነው። አሥር ሽማግሌ አነጋግሮ «ድሮ እዚህ ደን ነበር» የሚል ወሬ ይዞ መምጣት ጥናት አይባልም። ለምን ታሞካሹታላችሁ? (ልኬት ወዳዱ)

መልስ፦ ቁጣዎን ተረድቻለሁ፤ ደካማ ጥናት እኔም አንብቤ አውቃለሁ። ግን የመረጡት ምሳሌ ወደራስዎ ይዞራል። ላውጋዎት።

በምዕራብ አፍሪካ፣ ጊኒ ውስጥ፣ ኪሲዱጉ የሚባል አካባቢ አለ። ሜዳው ሣር ነው፤ በየመንደሩ ዙሪያ ግን እንደ ደሴት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል። ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ጀምሮ ባለሙያው ሁሉ የሚለው አንድ ነበር፦ «ቀድሞ አገሩ በሙሉ ደን ነበር፤ ገበሬው ጨፍጭፎ ጨፍጭፎ የቀረችው ይህች ናት።» በዚህ እምነት ለአሥርት ዓመታት ገበሬው ተቀጣ፣ እሳት አትለኩስ ተባለ፣ ዛፉን በሌላ ሰው ፈቃድ ብቻ እንዲነካ ተደረገ። በኋላ ጀምስ ፌርሄድና ሜሊሳ ሊች የሚባሉ ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች (የሰውን ኑሮና ባህል የሚያጠኑ ምሁራን) መጥተው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ተቃራኒውን ነው። «ይህንን ደን እኛና አባቶቻችን ነን ያበቀልነው» አሉ። መንደር ሲመሠረት ዛፍ ይተከላል፣ ከብት በዙሪያው እየጋጠ ሣሩን ያሳሳዋል፣ ሣሩ ሲሳሳ እሳት አይደርስም፣ ደኑ ይነሳል።

ወሬ ነው ይሉኝ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም እንዲሁ አምነው አልተመለሱም። በ1952 ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን ከብዙ ዓመት በኋላ ከተነሱ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያዩ። በብዙ ቦታ ደኑ አልቀነሰም፣ ጨምሯል። ፎቶው እኮ ድሮም ነበረ። የተሳሳተው ያው ልኬትና ማስረጃ የሚያውቀው ባለሙያ ነው፤ ምክንያቱም መልሱን አስቀድሞ ስላወቀው ሰው አልጠየቀም።

ሌላም ልጨምርልዎት። በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል የሥነ ሕይወት ምሁር የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ሁሉም የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ ግጦሹ ያልቃል ነው ነገሩ። ብዙ መንግሥት ይህን ሐሳብ ደኑን ከሕዝብ ለመንጠቅ ተጠቀመበት። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ግን «እስቲ በተግባር እንይ» ብላ ከየአገሩ የጋራ ደን፣ የጋራ መስኖ፣ የጋራ ግጦሽ እየሰበሰበች አጠናች። ብዙዎቹ ለመቶዎች ዓመታት ሳይጠፉ ቆይተዋል። የቆዩት ደግሞ እንዲሁ በዕድል አይደለም። ወሰናቸው የታወቀ ነው፣ ደንቡን ያወጡት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ጠባቂው ተጠሪነቱ ለነሱ ነው፣ ቅጣቱ ከተግሣጽ ጀምሮ ቀስ እያለ ይከብዳል። በ2009 ለዚህ ሥራዋ የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከኦሊቨር ዊልያምሰን ጋር ተጋራች፤ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እሷ ያነሳሳችው የደን ጥናት መረብ ዛፍም ይለካል፣ ደንብም ይጠይቃል። በአንድ መስክ ላይ፣ በአንድ ጊዜ። ልኬት ከወደዱ ይህን ይወዱታል ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ በችግኝ ተከላ ፕሮጀክት ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ ብዙ እንተክላለን፣ ሪፖርት እንልካለን፣ በሁለተኛው ዓመት ግማሹ የለም። ዝርያ ቀይረናል፣ ጉድጓድ አጥልቀናል። ምን ቀረን? (ደክሞኛል)

መልስ፦ አይዞሽ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ የቀረው ጥያቄ ነው፦ ያ ዛፍ ሲያድግ የማን ነው?

የኒጀርን ታሪክ ስሚ። በአገሪቱ ደቡብ፣ በማራዲና በዚንደር አካባቢ፣ ሕጉ ዛፍን የመንግሥት ያደርግ ነበር። ገበሬው በራሱ ማሳ ላይ የበቀለ ዛፍ ቅርንጫፍ ቢቆርጥ ሊቀጣ ይችላል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ገና በቡቃያነቱ ይነቅለዋል፤ የማያዝበትን ነገር ለምን ያሳድጋል? ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቁጥጥሩ ሲላላ ገበሬው ዛፉን የራሱ አድርጎ ማየት ጀመረ። ከተቆረጡ ጉቶዎችና ከሥር የሚያቆጠቁጠውን እየመረጠ፣ እየገረዘ አሳደገው። ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ዛፍ ለበሰ። አብዛኛው በችግኝ አይደለም! ሥሩ መሬት ውስጥ ነበር፤ የጎደለው ባለቤት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዙር ከመትከላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። መሬቱ ላይ ከዚህ በፊት ማን ያግጥ ነበር፣ አሁን የት ይሂድ? ፍሬውንና እንጨቱን ማን ይወስዳል? ዝናቡ ሲያቆም፣ በበጋው ውኃ የሚያጠጣው የማን ጉልበት ነው? መልሱ «ማህበረሰቡ» ከሆነ መልስ አይደለም። ማህበረሰብ የሚባል ሰው ባልዲ ይዞ አይሄድም። ስም ያለው ሰው ፈልጉ።

ደግሞ ሪፖርታችሁ የተተከለውን ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ የቆመውን ይቁጠር። ይህን አለቆችሽ እንደማይወዱት አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሬድ ፕላስ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዛፍ ላልቆረጠ ገንዘብ መክፈል ነው ይላሉ። እውነት ይሠራል?

መልስ፦ ባጭሩ አዎ፣ ደኑ ባለመጥፋቱ ወደ አየር ሳይለቀቅ የቀረውን ካርቦን ቆጥሮ መክፈል ነው። ሐሳቡን በ2005 ሞንትሪያል በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ፓፓዋ ኒው ጊኒና ኮስታ ሪካ ናቸው። በ2007 ባሊ ላይ ወደ ድርድሩ ገባ፣ በ2013 ዋርሶ ላይ ዋናው ማዕቀፉ ተጠናቀቀ። «ፕላስ» የምትለዋ ደኑን ለመጠበቅ፣ በዘላቂነት ለመጠቀምና ለማሳደግ የተጨመረች ናት።

መጀመሪያ ሲታሰብ የምሕንድስና ሥራ ነበር የሚመስለው። መነሻውን፣ ማለትም ክፍያ ባይኖር ይጠፋ የነበረውን ደን አስላ፣ ልዩነቱን ለካ፣ ክፈል። ከዚያ የሰው ጥያቄ መጣ። ድሮም ቆርጦ የማያውቀው ሰው «ባለመቁረጤ» ምን ሊያገኝ ነው? ገንዘቡ ለመንግሥት ይግባ፣ ለመንደሩ ወይስ ለባለይዞታው? የይዞታ ወረቀት የሌለውስ? እዚህ ያልቆረጠው ሰው ወንዙን ተሻግሮ ቢቆርጥስ? በ2010 ካንኩን ላይ የነባር ሕዝቦችንና የአካባቢውን ሰው መብት ማክበር፣ ሙሉ ተሳትፎ የመሳሰሉ ቅድመ ጥንቃቄዎች የተጻፉት በዚህ ግፊት ነው። ጥያቄዎቹን ያነሱት ደግሞ ባለደኖቹ ራሳቸው፣ አንትሮፖሎጂስቶች፣ የሕግ ሰዎች ናቸው።

ይሠራል ወይ ላልከው፣ ከኡጋንዳ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። በ2017 ታተመ። 121 መንደሮች ተወስደው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ በ60ዎቹ ለባለደኖች ደናቸውን ካልነኩ ለሁለት ዓመት እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። ክፍያ ባልነበረባቸው መንደሮች የዛፍ ሽፋኑ 9.1 በመቶ ሲቀንስ፣ በነበረባቸው 4.2 በመቶ ብቻ ቀነሰ። ጥሩ ነው። ግን ከሚመለከታቸው ባለደኖች የተመዘገበው ሲሶው ገደማ ነው። ሌሎቹ ለምን ቀሩ? የቁጥሩ ሰንጠረዥ እዚህ ይቆማል፤ ቁጭ ብሎ ማውራት የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። መጠይቃችን «የቤተሰቡን ኃላፊ አነጋግሪ» ይላል። ሁልጊዜ የማናግረው አባወራውን ነው። ደን ስለሚገቡት ሴቶች እሱን እጠይቀዋለሁ። የሚያስቅ አይደለም?

መልስ፦ ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። ማገዶ የሚለቅም ሰው ከደኑ ጋር ያለው ዝምድና ግንድ ከሚሸጠው ሰው ጋር አንድ አይደለም። የሚያውቁት ዛፍ ይለያያል፣ የሚሄዱበት ሰዓትም፣ የሚፈሩትም ነገር። አንዱን ጠይቀሽ የሌላውን ብትጽፊ የሌለ ደን ነው የምትገልጪው።

ቢና አጋርዋል የምትባል ኢኮኖሚስት በህንድና በኔፓል የጋራ ደን የሚያስተዳድሩ ቡድኖችን አጥንታለች። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች በበዙበት ቦታ የደኑ ሁኔታ ይበልጥ ተሻሽሎ ነው ያገኘችው። በኔፓል ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚመሯቸው ኮሚቴዎች የተሰጣቸው ደን አነስተኛና የተጎዳ ሆኖ ሳለ፣ ደኑ መልሶ በማገገም ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ይህ የመብት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዛፍም ጉዳይ ነው። ካርቦን ብቻ የሚያሳስበው ሰው እንኳ ሊያነበው ይገባል።

አንቺ አሁን ማድረግ የምትችዪው፣ ለአስተባባሪሽ «ሁለቱንም ለየብቻ እናነጋግር፣ ቢያንስ በግማሹ ቤት» በይ። ጊዜ የለም ከተባልሽ፣ የጥያቄው ቁጥር ይቀነስ በይ። መጠይቁ ውስጥ ማንም ተንትኖት የማያውቅ ገጽ መኖሩ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ገጽ የሌለው መጠይቅ መቼም ገጥሞኝ አያውቅም።

ጥያቄ፦ ሰው ስለ ደን ሲጠየቅ ይዋሻል። ቆርጦ «አልቆረጥኩም» ይላል። በውሸት ላይ ምን ሳይንስ ይሠራል?

መልስ፦ የራሴን ጉድ ልናገር። ጀማሪ እያለሁ አንድ ደን ዳር ያለ መንደር መጠይቅ ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው ጥያቄ «ከተከለለው ደን እንጨት ይቆርጣሉ?» ይላል። አርባ ሰው ጠየቅኩ። አርባውም «በፍጹም» አሉ። አንዳንዶቹ ይህን የሚሉኝ የእንጨት ክምር ተደግፈው ነው። እኔም ጻፍኩ፦ «አይቆርጡም።» የመጣሁበት መኪና ላይ የደን መሥሪያ ቤቱ ዓርማ ነበር፣ አብሮኝ የመጣው መንገድ መሪ ደግሞ የደን ጥበቃ ሠራተኛ ነው። እኔ ብሆንስ ምን ልል ነው?

ስለዚህ ጥፋቱ የመላሹ አይደለም። ዋሽቶ ራሱን እንዲያድን ያደረገው የኔ አመጣጥ ነው። መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው። ከሕግ አስከባሪ ጋር አትሂድ። «ትቆርጣለህ?» ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት ምግብ የበሰለው በምንድን ነው፣ ከየት መጣ?» በል። ቆይ፣ ተመልከት፣ ተመልሰህ ሂድ። በ24 አገሮች ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ያካተተ አንድ ትልቅ ጥናት ሰዎቹን በዓመት አንዴ ሳይሆን በየሦስት ወሩ ነበር የሚጠይቃቸው፤ የዓመት ነገር ማንም በትክክል አያስታውስማ። ያገኘው ውጤት፣ ከቤተሰቦቹ ገቢ 28 በመቶው ከደንና ከሌላ የዱር ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። የሚሸጠው ብቻ ሳይሆን እቤት የሚበላውና የሚነደውም ተቆጥሮ። ይህን ያህል ገቢ «አይቆርጡም» በሚል ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችል ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰው አምኖ የነገረህን፣ ስሙንና ቦታውን ለይቶ ለሚቀጣው አካል የሚያደርስ ሪፖርት አትጻፍ። ካርታህ ላይ ያለች ነጥብ የሰው ቤት ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ፦ ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት። ወደዚህ ዘርፍ መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን ስለ ዛፍ አንድ ነገር አላውቅም። ይስቁብኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ትንሽ ይስቁብሽ ይሆናል። ምንም አይደለም። በሩ ግን ከድሮው ሰፍቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ቡድን በ2022 ባወጣው ልቀትን የመቀነስ ሪፖርት ውስጥ ለፍላጎትና ለማህበራዊ ጉዳዮች ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል።

የዛፍ ሊቅ መሆን አያስፈልግሽም፤ ግን አንድ ሁለት ሳምንት ከደን ባለሙያዎች ጋር ሜትር እየጎተትሽ ዋዪ። የዛፍ ውፍረት በደረት ከፍታ ለምን እንደሚለካ፣ ናሙና ቦታ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ስህተቱ ከየት ከየት እንደሚገባ እዪ። ሁለት ነገር ታተርፊያለሽ። አንደኛ፣ ቁጥራቸውን ስትጠይቂያቸው የምትጠይቂውን ታውቂያለሽ። ሁለተኛ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር ቁጭ ስትሉ፣ ለካኞቹ ራሳቸው መንደሩን በተመለከተ ሪፖርት ላይ የማይጽፉትን ይነግሩሻል። ማስታወሻ ደብተርሽን ያኔ አታውጪ፤ ማታ ጻፊው።